የተዘለለው ገጽ

ነርሷ ጥግ አልጋ ላይ የሚተኙትን እናት ልብ ያለቻቸው በከንፈራቸው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ ደማቸው በኩላሊት ማሽኑ ይታጠባል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን እንደ አዲስ የተሠራውን የድሮ ድራማ ሲያሳይ፣ የእማማ ከንፈር ዘፈኑን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ተቀባይ ከተዋናዮቹ አንድ ቃል ይቀድማል፤ ጣቶቻቸውም ብርድ ልብሱን መታ መታ ያደርጉታል።

ዛሬ ድራማው አባትየው ሴት ልጁን በር ላይ የሚሸኝበት ቦታ ደረሰ። በድሮው ድራማ አባትየው ትንፍሽ ሳይል ኮቷን ቆልፎላት ይሸኛታል፤ አገር ምድሩ ያለቀሰው ለዚያ ዝምታ ነበር። የአሁኑ አባት ግን ረጅም ምክር ጀመረ። የእማማ ከንፈር ቆመ።

«አበላሹት» አሉ። «ሰው ልጁን ሲሸኝ እንዲህ ይለፈልፋል?»

ነርሷ ሳቀች። «እርስዎ ነዎት እንዴ የጻፉት፣ እማማ?»

«የጻፈውማ ሌላ ነው፤ በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን የኔም ልጅ መንገደኛ ነበረች። ዓይኔን እንባ ሞልቶት የአባትየውን ምክር፣ ሙሉ ገጽ፣ ዘለልኩት። ተዋናዩ ልምምድ ላይ የሚለው ቢያጣ ኮቷን ቆለፈላት፤ ወደዱትና እንደዚያው ቀረ። ደራሲው ሲሸለምበት ከኋላ ወንበር አጨበጨብኩለት።»

«ልጅዎስ?»

«እሷማ እንደ ወጣች ቀረች።»

ማሽኑ ሲጨርስ ነርሷ ግራጫ ሹራባቸውን አልብሳቸው ቁልፎቹን ቆለፈችላቸው። አንዱን ዘልላው ኖሮ ሹራቡ ተንጋደደ። እማማ የተዘለለውን ቁልፍ አዩት፤ ሳያስተካክሉት፣ በመዳፋቸው ደረታቸው ላይ ያዝ አድርገውት ወጡ።