ኬሚስትሪ ሲ፣ ፊዚክስ ዲ

ወደ ሆላንድ የምሄድ ዕለት ምሽት፣ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት፣ ሻንጣዬ ተመዝኖ በሩ ሥር ቆሟል። ከወሎ ሊሸኘኝ የመጣው አባቴ ትምህርቴን እንዳልተው ደጋግሞ ሲመክረኝ አጎቴ ሳቀ። "እዚያ ሄዳ የፍሬሽማን ውጤቷን ማን ይጠይቃታል? አዲስ ሰው ሆና ነው የምትጀምረው" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም አመንኩት። ይህን የምጽፈው እንደኔ አምናችሁ ለምትመጡ ነው። ይጠይቃሉ።

ባለቤቴ ዳዊት ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ዴን ሃግ በምትባል ከተማ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። ቤታችን ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፣ ሻንጣዬን እየገፋን ስናወጣው ወገቤ ተቆረጠ። ዝናቡ እንደኛ ክረምት ዘንቦ፣ አጥቦ፣ አያባራም፤ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ምሳቸው ቀዝቃዛ ዳቦ በቺዝ ነው። በመጣሁ ሰሞን ሽንኩርት እያቁላላሁ የቤቱ አከራይ በር አንኳኳ። የሆነ ነገር የተቃጠለ መስሎታል። ወጥ ነው አልኩት፣ በእንግሊዝኛ። መቼ እንደምጨርስ ጠየቀኝ፤ ገና ሽንኩርቱ ነው ስለው ግራ ገብቶት ድስቱን አየና፣ ከዚህ በኋላ መስኮት ከፍቼ እንድሠራ አዘዘኝ። መስኮቱ ደግሞ አይከፈትም፤ እንዲጠግነው ከለመንነው ቆይቷል።

ቋንቋውን እየተማርኩ ሳለ ኸሜንተ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ስለ ወደፊት ሕይወቴ ሊያነጋግረኝ ጠራኝ። አንድ ረዥም፣ ጨዋ ሰው ተቀበለኝ።

"ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?"

"ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ።"

ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። አንገቴን አስግጌ ሳይ "ዞርኽ" ይላል። እንክብካቤ ማለት ነው፤ አረጋዊ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ።

"ሐኪም ነው ያልኩት።"

"እሱም ዞርኽ ውስጥ ነው" አለኝ ፈገግ ብሎ።

እሱ እንክብካቤ ይበለው እንጂ፣ እኔ ጆሮ የገባው "ዞር በይ" የሚለው ነው። እስከ ዛሬም እንዲያው ነው የሚሰማኝ።

ዞርኽ ገባሁ። ደቡብ ሮተርዳም ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ሽማግሌዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ስማቸውን ብቻ ጠርቼ "አንተ" ማለቱ ግን ዛሬም ምላሴን ይይዘዋል። ከሥራ በኋላ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ገባሁ። ሕክምና ለማመልከት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ በእነሱ ፈተና ማለፍ ግድ ነውና። የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ከአሥር አራት አመጣሁ። ጥያቄው ስለ ልብስ ማጠቢያ ዱቄት ገጽ ሙሉ ወሬ ነበር። ኬሚስትሪውን አውቀዋለሁ፤ ወሬው ነው ያሸነፈኝ። ተናድጄ እንደገና ተፈተንኩ፣ ስምንት መጣ። ሌሎቹንም እያለቀስኩ አለፍኩ።

ከዚያ ማመልከቻው መጣ። ከዚህ በፊት የተማሩትን ሁሉ፣ ያልጨረሱትንም ቢሆን፣ ያያይዙ ይላል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የቆየሁባትን አንዷን ሴሚስተር ማለት ነው። ኬሚስትሪ ሲ፣ ፊዚክስ ዲ።

ያ ሴሚስተር እንዴት እንዳለፈ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ጦርነቱ እየቀረበ ነበር። መብራት የለም፣ ውኃ የለም፣ መምህሮቻችን ግማሾቹ ሄደዋል። ፊዚክስ የተፈተንነው መስኮቱ በከባድ መሣሪያ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ዘይነባ ከእኔ ጋር በአንድ ሻማ ታጠና ነበር። እሷም ሐኪም ልትሆን ነበር። ፈተናው እንዳለቀ ሁላችንም በየአቅጣጫው ስንሸሽ፣ እሷ ወደ እናቷ ቤት በእግሯ ሄደች። መንገድ ላይ ሆዷን አመማት። ትርፍ አንጀት ነበር አሉ በኋላ። የደረሰችበት ጤና ጣቢያ አልጋው እንኳ ተዘርፎ ሐኪም አልነበረም። ሞተች። ከወራት በኋላ ተመልሰን ውጤት ሲለጠፍ፣ በፊደል ተራ ስሟ ከእኔ ስም በታች ነበር።

ምክር ፍለጋ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን አንድ የተማሩ ሰው፣ ዶክተር ጌታሁንን፣ ጠየቅኩ። ደግ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ መጣሁ በይ፣ ያን ወረቀት ተዪው" አሉኝ። ዳዊትም ይህንኑ አለ። ማን ያውቃል፣ ማን ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄዶ ይጠይቃል አለ። ብዙ ተጨቃጨቅን። ያን ሴሚስተር ብደብቀው ዘይነባን የቀበርኳት እኔ እሆናለሁ አልኩት። እሱ ግን እልህ ነው አለኝ። እልህም ነበር። አያያዝኩት።

ያመለከትኩበት የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ አማካሪ ቢሮዋ ጠራችኝ። ማሪከ ትባላለች፣ ቡና በወረቀት ኩባያ ሰጠችኝ። የአሁኑ ውጤቴ ጥሩ እንደሆነ፣ የዚያ ሴሚስተር ግን "ጥያቄ እንደሚያስነሳ" ነገረችኝ። ጦርነት እንደነበር ነገርኳት። በአዘኔታ ራሷን ነቀነቀች።

"የሚያረጋግጥ ነገር አለሽ?"

"ጦርነቱን?"

"ፈተናሽን እንደነካው። ለምሳሌ በጊዜው ለፈተና ኮሚቴው አመልክተሽ ነበር?"

ለማን ነበር የማመለክተው? ለመድፈኛው፣ ፊዚክስ ላይ ነኝና ትንሽ ቆይ ብዬ? ይህን በሆላንድኛ ለማለት ቃል አጠረኝ፤ ንዴት በሁለተኛ ቋንቋ ሰውን እንደ ሕፃን ነው የሚያደርገው። "የለኝም" ብቻ አልኩ። ምናልባት ነርስነት ይበልጥ እውነታውን ያገናዘበ እንደሚሆን መከረችኝ። ነርስነት ክቡር ሥራ ነው፤ ያበገነኝ እሱ አይደለም። ያበገነኝ እውነታን እሷ ለእኔ ማስረዳቷ ነው።

የመግቢያ ፈተናውን ግን ከመቀመጥ አልከለከሉኝም። ትልቅ አዳራሽ፣ እናቶቻቸው በመኪና ያደረሷቸው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች። አንዷ ፈታኝ መስያት መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጠቆምኳት።

አልገባሁም። ደረጃዬ ከሚቀበሉት ሰው ብዛት ርቆ ነበር። በፈተናው ይሁን በዚያ ዲ፣ ጠይቄ ነበር፤ ነጥብ በነጥብ አንገልጽም አሉኝ። ዳዊት "ነግሬሽ ነበር" አለ። ያን ሳምንት አላናገርኩትም። አንድ ዕድል ይቀረኛል፤ በሚመጣው ዓመት እሞክራለሁ። ያን ወረቀት አሁንም አያይዘዋለሁ።

እሑድ የዘይነባ እናት ደወሉልኝ። እማማ ከድጃ ከልጃቸው ሞት ወዲህ በየጊዜው ይደውላሉ፤ ድምፄን መስማት ይወዳሉ።

"ያ ፈተናሽ እንዴት ሆነልሽ ልጄዋ?"

"ዘንድሮ አልሆነም እማማ።"

"አብሽሪ። አላህ ያውቃል።" ከዚያ ለዓመታት ሳይጠይቁኝ የኖሩትን ጠየቁኝ። "የኔይቱስ ያኔ ምን አምጥታ ነበር? ማንም የነገረኝ የለም።"

"ኬሚስትሪ ሲ ፕላስ። ከእኔ ትበልጥ ነበር።"

"ሲ ፕላስ" አሉ፣ ቃሉን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። "እሱስ ያስገባል? ሐኪም ያደርጋል?"

ትራም በመስኮታችን ሥር እየጮኸ አለፈ።

"ያስገባል" አልኳቸው።