ሃያ አራቱ የምረቃ ገጾች

የማትሪክ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ ክረምቱን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ቦሌ ሚካኤል፣ አባባ የእንጨት ሥራ ቤቱን በከፈተበት ግቢ ውስጥ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ከሳሎን ወደ ጓዳ ስመላለስ ከረምኩ። በበራችን ያለፈ ሁሉ እናቴን «ልጅቷስ ምን መጣላት?» ይላታል። እናቴ ከኤርፖርቱ የሚነሣ አውሮፕላን በላያችን እስኪጮህ ጠብቃ ነው መሰለኝ የምትመልሰው፤ መልሷን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

መስከረም ላይ አባባ ለቀበሌ የሚያስገባውን ማመልከቻ እንዳስጽፍለት ሃያ ሁለት ሰፈር ወዳለች አንዲት ጸሐፊ ላከኝ። እኔ የማውቀው የጽሕፈት መኪና ነበር፤ አንድ ቃል ከተሳሳተ ገጹ በሙሉ እንደገና ይመታል። ጸሐፊዋ ግን የምትሠራው በኮምፒውተር ነበር። አባባ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘሎ ኖሮ፣ እዚያው ቆሜ ትዝ አለኝና እየፈራሁ «እባክሽ፣ መሐል ላይ የቀረ ነገር አለ» አልኳት። ምንም አልመሰላትም። መሐሉ ላይ ጻፈችው። ከሥሩ የነበሩት መስመሮች በሙሉ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲጨመር እንደሚጠጋጉ ተሳፋሪዎች፣ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት።

«ይህን የት ተማርሽው?»

«እዚሁ፣ ከኬክ ቤቱ በላይ ያለው ኮሌጅ። እኔ መጻፍ ብቻ ነው የተማርኩት። መጽሔትና መጽሐፍ ማቀናበር የሚያስተምሩበት ክፍልም አላቸው።»

ማመልከቻውን እንደያዝኩ ደረጃውን ወጣሁ።

ማታ ለአባባ ነገርኩት። «ስትጨርሺ ምንድነው የምትሠሪው?» አለኝ።

«ሰው የሚያነበውን ገጽ ልክ ማስያዝ ነው፣ አባባ። ጽሑፉን፣ ሥዕሉን፣ ዳር ዳሩን።»

«ልክ ማወቅ ደግ ነው» አለ። ከዚያ በላይ አላስለመነኝም።

አሥራ ሁለት ተማሪዎች ነበርን፤ ኮምፒውተሮቹ ስድስት። አቧራ እንዳይገባ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ስለምንገባ ካልሲው የተቀደደ ሁሉ እግሩን ወንበር ሥር ደብቆ ይውላል። እኔ የተመደብኩት ቤቱ ኮምፒውተር ካለው የቦሌ ነጋዴ ልጅ ጋር ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማውሱን ጠረጴዛው ላይ መግፋት ሲገባኝ አንሥቼ ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁት። ልጁ ሳቀ፤ ክፍሉም ተከተለው። «ኧረ ጠረጴዛው ላይ ግፊው! ኢዚ ነው እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማውሱ ከእሱ እጅ ብዙም አልወጣም። ክፉ ሆኖ አልነበረም። እጁ ፈጣን ስለነበረ የእኔን መንቀርፈፍ ማየት አይችልም።

መምህራችን እድሜያቸውን በማተሚያ ቤት ያሳለፉ፣ የብረት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ ሲደረድሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ማሽኑ ላይ ተራ እንደማይደርሰኝ አይተው አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ገጽ የሚቀናበረው መጀመሪያ በዓይን ነው፤ እጅ በኋላ ይደርሳል። እቤትሽ አሮጌ ጋዜጣ የለም?»

ነበረ። ሱቅ ዳቦ የሚጠቀልሉበትን ሳይቀር ሰበሰብኩ። ጽሑፉን በምላጭ እየቆራረጥኩ በአባባ ጣውላ ላይ እንደገና መደርደር ጀመርኩ። አምዱን አጠበዋለሁ፣ አሰፋዋለሁ፣ ርዕሱን ወደ ግራ እስበዋለሁ። አንዳንዱ ገጽ እንቢ ይላል። ምክንያቱ ጠፍቶኝ ስናደድ እቆይና የዳሩን ባዶ ቦታ አንድ ጣት ያህል ሳሰፋው ድንገት ፊቱ ይፈታል። ብቻዬን እስቃለሁ። ኪቦርዱንም ካርቶን ላይ ሥዬ አማርኛ ፊደሎቹን ጣቴ እስኪለምዳቸው መታሁ። በሁለተኛው መንፈቅ አንድ ጠዋት «አሁን የእኔ ሰዓት ነው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ልጁ ትንሽ አየኝና ማውሱን ለቀቀልኝ። በዚያ ሰዓት አንድ ሙሉ ገጽ ጨረስኩ። «አንቺ፣ መቼ ነው የተማርሽው?» አለ፤ የልቡን ነበር።

የምረቃ መጽሔታችንን እኛው ራሳችን እንድናዘጋጅ ተወሰነ። ሃያ አራት ገጽ፣ እንደ ትንሽ ጋዜጣ ሰፋ ያለ። ልጁ ኃላፊ ሆነ፤ እኔ ገጾቹን አብሬው እንዳቀናብር መምህሩ መደቡኝ። ምረቃው አራት ቀን ሲቀረው ሥራውን በዲስኬት ይዘን ሁለታችን ኦሎምፒያ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድን።

ባለቤቱ ዲስኬቱን ከፈቱት። ስክሪኑ ላይ የወጣው አማርኛ አልነበረም፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት እንደ ቆሎ ተበትኖበታል። እኛ የተጠቀምንበት የአማርኛ ፊደል በእሳቸው ማሽን ላይ አልነበረም። ልጁ ወደ ኮሌጅ በርሮ ፊደሉን በሌላ ዲስኬት ይዞ ተመለሰ። አማርኛው ታየ፤ መስመሮቹ ግን ተንሸራተው ሃያ አራቱ ገጽ ሠላሳ አንድ ሆነ። ፎቶው ከስሙ ተለያይቶ የአንዷ ተመራቂ ምስል የሌላው ስም ላይ ተቀመጠ።

«ልጆች፣ የእናንተ ተራ ነገ ጠዋት ነው» አሉ ሰውየው። «ካለፋችሁ ከምረቃው በኋላ ነው የማደርስላችሁ።»

ልጁ ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ግን መምህራችን ስለ ድሮ ሥራ ያወሩንን እያሰብኩ ነበር።

«በወረቀት አትመን፣ ገጹን ልክ አድርገን ለጥፈን ብናመጣልዎ፣ ፎቶ አንሥተው ለማተም ይችላሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዴታ! ድሮስ በምን እንሠራ ነበር? ግን ከተንጋደደ እንደተንጋደደ ነው የሚወጣው። ማን ነው የሚለጥፈው?»

«እኔ።»

ይህን ስል ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም።

እኩለ ቀን ሳይሆን ኮሌጅ ደረስን። የኮሌጁ ፕሪንተር ትንሽ ወረቀት ብቻ ስለሚያትም እያንዳንዱን ገጽ ለሁለት ከፍለን አወጣነው፤ አርባ ስምንት ግማሽ ገጽ። አሁን ሁለቱን ግማሾች መጋጠሚያቸው ሳይታይ ማገናኘት ነው። የክፍሉ ጠረጴዛዎች ጠባብ ነበሩ፤ ታክሲ ይዘን ቦሌ ሚካኤል፣ አባባ ሥራ ቤት ገባን።

አባባ የጀመረውን የቁም ሳጥን በር አንሥቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ሰጋቱራውን ጠረገ፤ ጠረጴዛውን በንጹሕ ጨርቅ ደጋግሞ ወለወለና ለመስኮት የተቆረጠ መስተዋት አነጠፈልን። ልጁ ቁጥራቸውን እያየ ግማሾቹን ያቀብለኛል፤ እኔ በምላጭ እቆርጣለሁ፣ አገጥማለሁ፣ እለጥፋለሁ። አባባ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራውን ይዞ እያንዳንዱን ጥግ ይለካል። ልክ ከሆነ ወደ ቀኙ ያሳልፈዋል።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆመ። «ይቺ ተንጋዳለች።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «የቱ ጋ?»

«በዓይንሽ አታይውም። እዚህ ታች፣ የፀጉር ያህል።»

«አባዬ፣ የፀጉር ያህል ከሆነ ማን ያየዋል?» አለ ልጁ፤ ደክሞት ነበር።

አባባ አልተቆጣም። «እሷ አውቃዋለች» አለው፣ ወደ እኔ እያመለከተ።

ነቅዬ እንደገና ለጠፍኩት። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ሃያ አራቱም ተደርድረው ነበር። አውራ ጣቴ በምላጭ ሦስት ቦታ ተቆርጧል፤ ያመመኝ ግን እጄን ስታጠብ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አጉሊ መነጽራቸውን ገጽ በገጽ አዘዋወሩት። እኔ ቆሜ፣ ልጁም ቆሞ። አሥራ ሰባተኛውን ሳይቆሙ አለፉት። የመጨረሻውን አይተው መነጽሩን አስቀመጡ።

«ከኔ ሠራተኞች ይህን የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ምረቃሽ ሲያልቅ ነይና አነጋግሪኝ።»

ልጁ ከእኔ በላይ ጮኸ። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዞ «ሰማሽ? ጆብ ነው የሰጡሽ እኮ!» ይለኛል፤ እኔ ግን እግሬ ደረጃውን መርገጡን እርግጠኛ አልነበርኩም።

መጽሔቱ የደረሰው በምረቃው ዕለት፣ አዳራሹ ከሞላ በኋላ ነው። ቀለሙ ገና ይሸታል። የክብር እንግዳው ንግግር እንደጀመሩ ከኋላ ወንበሮች ጀምሮ ታደለ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ተነሣ፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው ባንድ ጊዜ ገጽ ሲገልጥ የሚሰማው። እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ እየፈለጉ ይጠቋቆማሉ። «እቺት! እቺት!» ይላል አንዱ። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከጎኗ ላለችው ለማታውቃት ሴት፣ አውሮፕላንም ሳትጠብቅ፣ ጮክ ብላ «የኔ ልጅ ናት የሠራችው!» ስትል ሰማኋት። እንግዳው ቃል ፈልገው ቆም አሉ፤ ወደ እሳቸው የሚያይ ሰው አልነበረም።

አጠገቤ የተቀመጡት መምህራችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ንግግራቸውን አበላሸሽባቸው» አሉኝ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።