እልልታው ያልቀሰቀሳት ልጅ

ልጄን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያስነሳናት አትላንታ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ቄሱን ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ አስመጣን፤ ከበሮውን ከሰው ተዋስን። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ልጄ እቴ! ውሃው ሲነካት ትንሽ ተነጫነጨችና መልሳ ተኛች። ከበሮው ከጆሮዋ ሥር ሲደለቅ ንቅንቅ አላለችም። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» አለ ሁሉም። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የእኛ ሰው ዝም ያለ ልጅ ይወዳል፤ የማያስቸግር ልጅ ለወላጁ ምስጋና ነው።

ያኔ እኔ ቀን ቀን ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ባለቤቴ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። እሱ በሚተኛበት ሰዓት ልጅቷን የሚይዙልን ጎረቤታችን እማማ ነበሩ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁኝ። «ነይ ቁጭ በይማ፣ የኔ ልጅ» አሉኝና የብረት ትሪ አንስተው ሕፃኗ ከተኛችበት አጠገብ ለቀቁት። እኔ ዘለልኩ። ልጄ አልሰማችም።

«ጠዋት ከእጄ አምልጦኝ ወደቀ። ዝም ስትል ጊዜ አውቄ ደግሜ ጣልኩት።»

«ደክሟት ነው እማማ! እርስዎ ደግሞ ነገር ያከብዳሉ» ብዬ ተቆጣሁ። በነጋታው ግን ሐኪም ቤት ደውዬ አፖይንትመንት ያዝኩ።

ሐኪሟ የልጄን ጭንቅላት ዙሪያውን ለካች፤ አነስ ብሏል አለች። ሲቲ ስካን አዘዘች። ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰክታ ስታሳየን አንጎሏ ውስጥ ጨው የተበተነ ይመስል ነጫጭ ነጠብጣብ አየን። እርጉዝ ሳለሁ ቫይረስ ይዞኝ ወደ ሆዴ ተሻግሯል። እኔን እንደ ጉንፋን እንኳ ሳያመኝ አልፎ ይሆናል፤ የፅንሱን አንጎልና ጆሮ ግን ይጎዳል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የተጎዳውን የሚመልስ መድኃኒትም የለም አለችን።

«ትሰማለች?» አልኳት።

«አይመስለኝም።»

«ትሄዳለች?»

«እናያለን።»

መጠየቅ የፈለግኩት ሌላ ነበር። እናቷ መሆኔን ታውቅ ይሆን? በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጠፋኝና ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ድካም ብቻ ነው። ቴራፒ፣ ሥራ፣ የማትነሳ አሮጌ መኪና፣ ደግሞ ቴራፒ። ዓመት ሲሞላት ገና ራሷን አትሸከምም። ዐይኗ ፊቴ ላይ ያርፍና ያልፈኛል፤ ግድግዳውንም እንደዚያው ነው የምታየው። ፈገግ ብላልኝ አታውቅም። እሹሩሩ እላለሁ፤ ለማን? እግዜርን መለመን ሳይቀር ታከተኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት ልትጠይቀን መጣች። እማማም ነበሩ። ሻይዋን ጠጣች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከዚያ፣ «እኔ እምልሽ፣ እርጉዝ ሳለሽ ቀትር ላይ ወንዝ ዳር ሄደሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ልጄን ደረቴ ላይ አስደግፌ ይዣታለሁ። ያ ሁሉ ወር ያፈንኩት ገንፍሎ ወጣ። «ወንዝ? የምን ወንዝ! እዚህ ኖርክሮስ ሰፈር፣ አፓርታማ ውስጥ ወንዝ አለ? እኔ ቀትር ላይ የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ነበርኩ! አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ እንግዳ እኮ ናት» አለ ባለቤቴ። ይባስ ብዬ ጮህኩ።

«ልጅቷን እይ!» አሉ እማማ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ጉንጯ ደረቴ ላይ እንደተለጠፈ ልጄ ትስቃለች። አፏን ከፍታ፣ ድድዋ እስኪታይ። ድምፄ ደረቴን ሲያንቀጠቅጠው ደርሷት ነው። ደንግጬ ዝም አልኩ። ሳቋ ቆመ። ጥቂት ጠበቀችና ያቺ ራሷን የማትሸከም ልጅ ግንባሯን ደረቴ ላይ እያሸች ትፈልገኝ ጀመር።

«ጩኺላት እንጂ!» አሉኝ እማማ።

«ምን ብዬ ልጩኽ?»

«ስለ ወንዙ።»

እንባዬ እየወረደ ስለ ወንዙ ጮህኩላት።