ጊዜው አላለፈም ነበር

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! እሰይ፣ ዛሬስ ተራ ደረሰኝ። ሦስት እሑድ እጄን ላነሣ አስቤ መልሼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ቤቴ አልገባም ብዬ ነው የመጣሁት። አሜን በሉኝና ልጀምር!

ሐያት እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አባቴ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለው፣ ጎማ ይጠግናል። እሱ ሙስሊም ነው፤ እናቴ ደግሞ ጌታን ያመነች ናት። እናንተ ወሎዬዎች ስለሆናችሁ ይህ አይገርማችሁም። እኔ ከእናቴ ጋር ቸርች እየመጣሁ ነው ያደግሁት። መዘምራን ውስጥም ነበርኩ። ግን ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስዘምር አፌ ኢየሱስ ይላል እንጂ ልቤ የሚያመልከው ሌላ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነኝ። አባቴ የምስክር ወረቀቶቼን ጎሚስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ጎማ ለማስጠገን የቆመውን ሹፌር ሁሉ «የልጄ ነው!» ይለዋል። እኔም አንደኛ ካልሆንኩ ማንም የሚወደኝ አይመስለኝም ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የፊዚክስ መምህሬ ጠራችኝ። መምህርት አልማዝ እንላታለን። «ሐያት፣ ውጭ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከመላው ዓለም በጣም ጥቂት ተማሪ ነው የሚቀበለው። ከተቀበለሽ ግን ሙሉ ወጪሽን ይሸፍናል። አመልክቺ» አለችኝ። ላፕቶፗንም ሰጠችኝ።

ፎርሙን መሙላት ጀመርኩ። ስም፣ ውጤት፣ ምን መማር እንደምፈልግ፣ ሁሉም ቀላል ነበር። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ፤ «ያልተሳካልሽን ነገር ጻፊልን» ይላል። ተቀመጥኩ፣ አሰብኩ፣ ምንም የለኝም! ለምን? የማይሳካ የሚመስለኝን ነገር በሕይወቴ ሞክሬ አላውቅማ! ያን ጊዜ ፍርሃት ገባብኝ። ባይቀበሉኝስ? አባቴ ለሹፌሮቹ ምን ሊል ነው? ላፕቶፑን ዘጋሁና ለመምህሬም ለቤተሰቤም «ማመልከቻው ጊዜው አልፏል» አልኩ። ዋሸሁ። ገና አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ውሸት እንዴት ያለ ሸክም ነው ወገኖቼ! ምግብ አልበላ አለኝ። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር በሚኒባስ ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ደረቴ ተጨመቀ፣ እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ሰው «ውሃ! መስኮት ክፈቱላት!» ይላል። እኔ የምሞት መስሎኝ ነበር። አባቴ ተሸክሞ ሆስፒታል አስገባኝ። ሐኪሙ ልቤን በማሽን አየ፣ ደሜን አየ፤ ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ልብሽ ጤነኛ ነው» አለኝ። «ምንድን ነው የምትፈሪው?»

«ምንም» አልኩት። እዚያም ዋሸሁ!

በዚያ ሳምንት እሑድ እዚሁ ተቀምጬ ነበር። አንዲት እህት ስለ ጴጥሮስ አስተማረች። «ሦስት ጊዜ የካደውን ሰው፣ ጌታ ባሕር ዳር ዓሣ ጠብሶ፣ ቁርስ አዘጋጅቶ ጠበቀው» አለች። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ገባኝ። የወደቀን ሰው ቁርስ ይዞ የሚጠብቅ ጌታ! ውጤቱን የማይጠይቅ! መሬት ላይ ወድቄ አለቀስኩ። «ጌታ ሆይ፣ ስዘምርልህ ኖሬ አላውቅህም። ውሸታም ነኝ፣ ፈሪ ነኝ፤ እንዲሁ እንዳለሁ ተቀበለኝ» አልኩት። ተቀበለኝ! ሃሌ ሉያ! ከደረቴ ላይ ድንጋይ እንደተነሣ ነው የተሰማኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ሕመም ተመልሶ አልመጣም። ክብር ለስሙ ይሁን!

ሰኞ መምህሬ ጋ ሄድኩ። «ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጊዜው አላለፈም ነበር።»

ሳቀች። «አውቄያለሁ እኮ! ድረ ገጹን እኔም አያለሁ። እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩሽ» አለችኝ።

ለአባቴም ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ፣ «ወላሂ፣ እኔ ወረቀቱን የሰቀልኩት ልጄ ስለሆንሽ ነው እንጂ፣ ልጄ የሆንሽው በወረቀቱ ነው እንዴ? አብሽሪ! ሞክሪው» አለኝ።

ያን ጥያቄ በምን መለስኩት መሰላችሁ? ስለ ውሸቴ ጻፍኩላቸው! በፍርሃት ሳላመለክት ልቀር እንደነበር አንድም ሳልደብቅ ጻፍኩ። የመጨረሻው ቀን ኮምቦልቻ ኔትወርክ የለም። አባቴ ጎሚስታ ቤቱን ዘግቶ ከእናቴ ጋር ሦስታችንም ደሴ ወጣን፤ ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባን። ልልከው ስል አባቴ «ቢስሚላህ በይ» አለ፤ እናቴ «በኢየሱስ ስም!» አለች። እየሳቅኩ ላክሁት።

አሁን ተቀበሉኝ የምል መስሏችኋል አይደል? አልተቀበሉኝም!

መልሱ ሲመጣ ጎሚስታ ቤት ነበርኩ። ለአባቴ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። እሱ ደብዳቤውን አላየም፤ የሚያየው እኔን ነው።

«ትንፋሽሽስ?» አለኝ።

«ደህና ነው አባዬ።»

«እጅሽስ? አልደነዘዘም?»

እጁን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ከውጭ ሰምታ፣ ያለፍኩ መስሏት እልል እያለች ገባች። «አልተቀበሉኝም እማዬ» ስላት ፊቴን አየችና እልልታዋን ቀጠለች! ጎማ ሊያስጠግን የቆመው ሹፌር ግራ ገብቶት አብሮን ይስቅ ነበር።

ዛሬ እዚሁ አገራችን ኢንጂነሪንግ እማራለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምማረው። ለዚያ ዩኒቨርሲቲም ዘንድሮ ደግሜ አመልክቻለሁ። መልሱ ገና አልመጣም። ሆን ብዬ ነው ሳይመጣ የመሰከርኩት፤ ምስጋናዬ በእነሱ ደብዳቤ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እንዳትወድቅ ፈርተህ፣ እንዳታፍሪ ብለሽ የተዋችሁት ነገር ካለ፣ ለኢየሱስ ንገሩት። ሳትስተካከሉ ኑ። እነሱ ቢቀበሉኝ እሄዳለሁ፤ ባይቀበሉኝ እዚሁ እማራለሁ። እኔን ግን ጌታ ተቀብሎኛል!