ከመርዶው ቀድሞ የመጣው ቪዲዮ

እኛ ዘንድ መርዶ በማታ አይነገርም። የሞተው ልጅ ከሆነ እናቱ በልታ ትተኛለች፤ ሊነጋጋ ሲል የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ የቤተሰቡ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እንባን ውጦ መሳቅ። ይህን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሠራ ስላየሁ እችልበታለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ያን ቀን ሶዶ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። አብራን የምትኖረው አክስቴ አንድያ ልጇ በአንድ ተራራማ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበር። መሬቱ ተንሸራቶ ቤቶች ሲቀብር አካፋ ይዞ ከገበሬዎቹ ጋር ሊቆፍር ወረደ፤ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባው ደውሎ አስከሬኑ መውጣቱን ነገረኝ። ገና ስልኩን ሳልዘጋው ቴሌግራሜ መንጫጫት ጀመረ። አንዱ አደጋውን በቪዲዮ ቀርጾ ለቆታል። እኔ ለመክፈት አልደፈርኩም፤ የከፈተችው እህቴ ስልኳን ሶፋ ላይ ወርውራ እጇን ነከሰች። ሰው በእጁ ጭቃ በሚዝቅበት ቦታ ቆሞ የሚቀርጽ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አክስቴ አረካ ገበያ ሄዳ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከስልክ የወጣውማ በየት በኩል ይያዛል? እኛ ግን ልንይዘው ተነሳን። የቤቱን ስልክ ሁሉ ሰብስቤ አጠፋሁ። ከፊታችን ሱቅ ያለውን ስልጤ ጎረቤታችንን፣ ጎረምሶች በረንዳው ላይ ቪዲዮ እንዳይከፍቱ ለመንኩት፤ እሱም ወዲያው ሱቁን ዘጋ። የአክስቴ ስልክ ቪዲዮ የማያሳይ ባለ ቁልፍ ስለሆነ በእሷ በኩል አልሰጋንም። ለዚህም ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ሲመሻሽ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። ቁጭ ሳትል አተኩራ አየችኝና ልጇ ደውሎ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እሷ ብትሞክር ስልኩ አልሠራላትም። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው እንጂ ደህና ነው አልኳት፤ ጥርሴንም አሳየኋት። በረጅሙ ተነፈሰች። ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን እያለች የቀረበላትን ጎደሬ በዳጣ እያጠቀሰች ጠርጋ በላች። በእህቴ አበሳሰል ላይ ሳይቀር ቀለደች። እንዲህ ተጫውታ ካየናት ቆይተን ነበር። ጓዳ ገብተን ተያየን፤ ምንም አልሰማችም ብለን ልባችን አረፈ።

ሊነጋጋ ሲል ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ ጸልየው ሲያበቁ እንደ ወጉ ቀስ ብለው ጀመሩ። ልጅሽ ሰው ሊያድን ገብቶ ወደ ጌታው ሄደ አሏት። አልተሰቃየም፣ ናዳው እንደመታው ወዲያው ነው ያረፈው ብለው ጨመሩ። ይህን ለሁሉም እናት ይላሉ፤ የሚያጽናናውም ይህ ነው። እኔ ልይዛት ተጠግቼ ጩኸቷን እጠብቃለሁ። እሷ አልጮኸችም።

«ጠርቶኛል እኮ» አለች።

ከዚያ ትነግረን ጀመር። ከገበያ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ታይ ነበር። ልጇን እዚያ ስልክ ላይ አየችው፤ ጭቃው እስከ ደረቱ ውጦት በወላይትኛ እናቱን ይጠራል። አክስቴ እጇን ሳትዘረጋ ልጅቷ በጣቷ ገፋ አደረገችና አሳለፈችው፤ በቦታው ጎረምሶች የሚጨፍሩበት ቪዲዮ መጣ። መልሺልኝ እንዳትላት አንደበቷ ተሳሰረ። መጨረሻውን ሳታይ ሶዶ ደረሰች።

ትልቁ ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያልገባትን ነገር የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

«ማታ ደህና ነው ስትዪኝ፣ አውጥተውታል ብዬ ተኛሁ እኮ፣ ልጄ።»