ግድግዳው የነበረበት መስመር

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ሱቋ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰች። ምትክ ሱቅ የሚሰጠው የታደሰ የንግድ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ነበር፤ ምዝገባውም የሚያበቃው ፈቃዷን ልታሳድስ በሄደችበት ዕለት ነበር። ፈቃድ የሚያድሰውን መሥሪያ ቤት ስለማውቀው አብሬያት ሄድኩ።

ከዓመታት በፊት የዚያን ቢሮ የአሠራር ማሻሻያ ካጠኑት ባለሙያዎች አንዷ ነበርኩ። ባለጉዳይ ከክፍል ክፍል እንዳይንከራተት፣ በአንድ መስኮት እንዲስተናገድ ብለን ግድግዳዎቹን አስፈርሰናል። አሁን ስገባ በጠረጴዛዎቹ መካከል የፋይል መደርደሪያዎች እስከ ጣሪያው ቆመዋል፤ ግድግዳው በነበረበት መስመር ላይ።

«እናቴ፣ ፈቃዱ የሚታደሰው ተቆጣጣሪ ሱቁን በአካል ሲያየው ነው» አለች መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ በትሕትና።

«ሱቁ እኮ የለም! ያፈረሳችሁት እናንተው!» አለች አክስቴ።

«እሱ ሌላ ክፍል ነው።»

«እንግዲያው ተቆጣጣሪው ይሂድና አስፋልቱን ይጠይቀው። የት እንደነበርኩ ይነግረዋል።»

ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ሠራተኛዋም ፈገግ አለች፤ ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ገልጻ ነገ እንድንመለስ ነገረችን።

«‹ነገ ነይ› የኛ የልብስ ሰፊዎች ቃል ነው፤ ማን አስተማረሽ?» አለች አክስቴ። «እኔ ግን ዞሮ ዞሮ ልብሱን እሰጣለሁ።»

ኃላፊውን ከስብሰባ ሲወጡ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ከድሮ ጀምሮ እንተዋወቃለን። የአክስቴን ጉዳይ አስረዳኋቸው።

«እህቴ፣ እውነት አላቸው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ብፈርም ነገ ኦዲተር የሚይዘው እኔን ነው።»

በሥራ ዘመኔ በመፈረሙ የተጠየቀ ሰው አይቻለሁ፤ ባለመፈረሙ የተጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። በጥናታችን ይህን የሚለውጥ አንቀጽ አርቅቀን ነበር። እንዲጸድቅ ግን አንድ ሰው መፈረም ነበረበት።

መስኮቱ በሰዓቱ ተዘጋ፤ በመሥሪያ ቤቱ በሰዓቱ የሚከናወነው ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ስንጠብቅ የአክስቴ ስልክ ጠራ። የሚዜ ቀሚስ ያዘዘች ደንበኛ ነበረች፤ መቼ እንደሚደርስላት ስትጠይቅ ለእኔም ይሰማ ነበር። አክስቴ እንደ ልማዷ «ነገ ነይ» እስክትላት ጠበቅኩ።

«ጨርቅሽን መጥተሽ ውሰጂ፣ ልጄ» አለቻት። «ሌላ ልብስ ሰፊ ፈልጊ።»