ሾላው ጋ ወራጅ አለ

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ ላይ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አጠገቤ የነበረች ተማሪ «ሾላው ጋ ወራጅ አለ!» ስትል ልቤ ዘለለ። እዚያ ቦታ ሾላ የለም፤ ከተቆረጠ ቆይቷል። እኔ ግን ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር የእናቴ ነጭ ነጠላ ከሩቅ ይታየኛል።

ቤታችን ከሾላው በታች ነበር። በዚያን ጊዜ አርባ ምንጭ ውስጥ የቤት ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ሠርገኛውም ለቀስተኛውም «ሾላውን አልፈህ» እየተባለ ነበር የሚላከው። በልግ ሲዘንብ ፍሬው ይረግፍና እኛ ልጆች ከጉንዳን ጋር እየተሻማን እንለቅም ነበር፤ ከጥላው ሥር ሆነን ቁልቁል ስናይም ቀላ ያለው አባያና ሰማያዊው ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው ይታዩን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደለ ገና ልጅ ሳለ ሽመና ሊማር ከአጎታችን ጋር ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ እናቴ አቅፋው «ልጄ፣ ቤትህ ቢጠፋህ ሾላው አይጠፋህም» አለችው። ከዚያ በኋላ ድምፁን ሳንሰማ ዓመታት አለፉ።

አንድ ክረምት መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ሠራተኞች መጥተው ሾላውን ቆረጡት፤ ጉቶውንም ነቅለው ወሰዱት። ሽማግሌዎቹ አጉተመተሙ፤ እኛ ልጆች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሲወድቅ ለማየት እየተጋፋን ነበር። እናቴ ብቻ አለቀሰች። ለቅሶዋ የገባኝ ነሐሴ ላይ አንድ ሸማኔ «ታደለ ለመስቀል ይመጣል» የሚል መልእክት ይዞ ሲመጣ ነው። ሾላውን አጥቶ ቢመለስስ?

መስከረም ሲገባማ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ! በጋሞ ምድር መስቀል ሲደርስ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ አባቴ ከጎረቤት ጋር በሬ ሊገዛ ይሮጣል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ በየመንገዱ ሰው «ዮ ማስቃላ!» እየተባባለ ይሳሳማል። በዋዜማው ጠዋት ግን እናቴ ሥራውን ሁሉ ለእህቶቼ ትታ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

«በዚህ ቀን ወዴት ነው?» አላት አባቴ።

«ዛፉ ከሌለ እኔ እቆማለሁ» አለችው።

ጉቶው ከተነቀለበት ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች፤ እኔም ሙዝ እየላጥኩ ከጎኗ ቆምኩ። ፀሐዩ ከረረ፤ አላፊ አግዳሚው «እሜቴ፣ ትራፊክ ሆኑ እንዴ?» እያለ ይቀልዳል፤ እሷ ዓይኗን ከሚኒባሶቹ አልነቀለችም። ሻንጣ ያንጠለጠለ፣ ጢም ያቀመቀመ አንድ ጎረምሳ ወደ ላይ አለፈ፤ ቆየት ብሎ ወደ ታች ተመለሰ፤ እንደገና ወደ ላይ ወጣ። ለካ የጠየቀው ሰው ሁሉ፣ ዛፉ ቢቆረጥም ከምላሱ አልወጣለትምና፣ «ሾላውን እስክታገኝ ቀጥ በል» እያለ ይልከዋል! በመጨረሻ ላብ አጥምቆት መጣና እናቴን «እማማ፣ ሾላው የቱ ጋ ነው?» አላት።

«እዚህ ነዋ!» አለችው፣ ዓይኗ አሁንም መንገዱ ላይ ነው።

«የታለ?»

«እኔ የቆምኩበት! አታይም?» ብላ ተቆጥታ ዞረች።

ሻንጣው ከእጁ ወደቀ። «እማዬ?» አለ።

ሙዜን ጥዬ «መጣ! ታደለ መጣ!» እያልኩ ቁልቁል ወደ ቤት በረርኩ። አባቴ ቢላ እንደያዘ ወጣ፤ ሠፈሩ በእልልታ ተናወጠ፤ ማታም ደመራችን እዚያው ቦታ ላይ ተለኮሰ። እንደዚያ ያለ መስቀል ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ዛሬ ቦታው አስፋልት ሆኗል፤ ዳሩም ካፌና የስልክ ሱቅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደውሎ «ደርሻለሁ» ይላል፤ መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው የለም። እናቴም ካረፈች ቆየች። ተማሪዋ ስትወርድ ሾፌሩን «ለመሆኑ ሾላው የታለ?» አልኩት። ወጣት ልጅ ነው፤ ዛፉን አላየውም።

«እዚህ ነዋ!» አለኝ፣ ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር።

መውረጃዬ ሴቻ ነበር። ግን እኔም እዚያው ወረድኩና፣ እናቴ የቆመችበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆምኩ።